አገራችንን እንወቅ፦ ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ፣ ጋምቤላ



በዚህ ዓምድ አገራችንን በንባብ እንዞራለን። ዛሬ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ቡና አገር ተነሥተን ወደ ጋምቤላ እንሄዳለን። ጋምቤላ የወደብ ከተማ ነበረች። ወደብ ማለት መርከብ የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚራገፍበትና የሚጫንበት የውሃ ዳር ነው።

«ባሕር በሌለበት ወደብ ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የባሮ ወንዝ ነው።

መንገዱ

ከሚዛን ወደ ቴፒ፣ ከቴፒ ወደ ማሻ፣ ከማሻ ወደ ጎሬ እንሄዳለን። ከጎሬ በቡሬ አድርገን እንወርዳለን። እስከ ቡሬ ድረስ ጫካውም ቡናውም የምናውቀው ነው። ከቡሬ በኋላ ግን ቁልቁለት ነው። እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ይቀራል። ጋቢውም ይወልቃል። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታዲያ ሙቀቱ ቢበረታ ምን ይገርማል?

ከተማዋ የተቆረቆረችው አኙዋዎች በሚኖሩበት የባሮ ዳርቻ ነው። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ በሚወርዱ ወንዞች ይሞላል። ተራራውን ወርዶ ሜዳ ሲገባ ይሰፋል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ከጋምቤላ በታች መርከብ ሊሄድበት የሚችለው ስለዚህ ነው። ወደ ምዕራብ ሄዶ ከፒቦር ወንዝ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ተገናኝተው ሶባት ይባላሉ። ሶባት በማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ ደግሞ ካርቱም ይደርሳል። ከካርቱም በባቡር ወደ ፖርት ሱዳን ይኬድ ነበር። እዚያ ቀይ ባሕር አለ። እንግዲህ ጋምቤላ ባሕር ባይኖራትም፣ የባሕር መንገድ ነበራት ማለት ነው።

ቡናው እንዴት ይሄድ ነበር?

ቡና ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎና በሰው ጀርባ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ሰምና ቆዳም አብረው ይወርዱ ነበር። ከሱዳን ደግሞ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። ከነጋዴዎቹ መካከል ግሪኮችና ሶሪያውያን ነበሩ።

አንድ ችግር ግን ነበር። ቡና የሚለቀመው ዝናቡ ሲያባራ ነው። በበቅሎ የሚጫነውም መንገዱ ሲደርቅ፣ በበጋ ነው። የእንፋሎት መርከብ የሚመጣው ግን ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው። በበጋ ወንዙ ይጎድላል፤ መርከብ አይችልም። ስለዚህ ቡናው መጋዘን ውስጥ ሆኖ ክረምትን ይጠብቅ ነበር። በሞቃትና በእርጥብ አገር የሚቆይ ቡና በደንብ ካልደረቀ እንደሚሻግት ቡና አምራች ሁሉ ያውቀዋል።

ከተማዋን ያከራየው ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጋምቤላ ወደብ የተወለደው ከአንድ ወረቀት ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። ለእንግሊዝ የፈረመው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ዋናው ጉዳይ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ነበር። በዚያን ጊዜ ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዝና ግብፅ በአንድነት ነበሩ።

በውሉ አራተኛ አንቀጽ ላይ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ለሱዳን መንግሥት መሬት ለማከራየት ተስማሙ። በኋላ የተመረጠችው ቦታ ጋምቤላ ሆነች። ይህ አንቀጽ አጭር ነው። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል።

አንደኛ፣ ስንት? በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት። 2,000 ሜትር በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። 400 ሄክታር በድሮው አለካክ 10 ጋሻ ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ ለምን? ለንግድ ጣቢያ። መሬቱ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛ፣ እስከ መቼ? ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ።

ሦስተኛውን ልብ በሉት። ውሉ ሲጀምር መጨረሻውንም ይዞ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። የፈረሙት ሰዎች ሞቱ። ወረቀቱ ግን አልሞተም። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ አገር ሆነች። የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ሲያበቃ የኪራዩም ዘመን አበቃ። ጋምቤላም ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

«እስከ መቼ?» የሚለው ባይጻፍ ኖሮስ? ክርክሩ ረጅም በሆነ ነበር። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት በከንቱ አይደለም እኮ!

ሌላ የወደብ ከተማ

በአውሮፓም በወረቀት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች የቡና ወደብ አለች። ትሪየስቴ ትባላለች። በኢጣሊያ አገር፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከቀይ ባሕር የሚነሣ መርከብ በስዊዝ ቦይ አልፎ ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። አድርያቲክ የሜዲትራንያን አንድ ክንድ ነው።

በ1711 ዓ.ም. ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ትሪየስቴን ነፃ ወደብ አደረጋት። ነፃ ወደብ ማለት ነጋዴ ዕቃውን ቀረጥ ሳይከፍል አስገብቶ የሚያስቀምጥበት ወደብ ነው። ከተማዋ በዚህ አደገች። ከጊዜ በኋላም ትልቅ የቡና ወደብ ሆነች። የኢትዮጵያ ቡናም ይገባባታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ያስተዳድራት ነበር። በ1947 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት ለኢጣሊያ አስተዳደር ተሰጠች። ይህ ጋምቤላ ከመመለሷ በፊት መሆኑ ነው።

ትሪየስቴ ዛሬም ወደብ ናት። የጋምቤላ ወደብ ግን ቀዘቀዘ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ባሮ መርከብ የሚችለው በዓመት ጥቂት ወር ብቻ ነው። በደቡብ ሱዳን በኩል ጦርነት ተነሣ። በእኛም በኩል የመኪና መንገድ ተሠራ። የጭነት መኪና ክረምትን አይጠብቅም። ቡናው በጅማ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ መሄድ ጀመረ። ንግድ እንደ ውሃ ነው፤ መንገድ ወዳገኘበት ይፈሳል።

ጋምቤላን ለመጎብኘት

ዛሬ ጋምቤላ የክልል ከተማ ናት። አኙዋ፣ ኑዌር፣ ከደጋ የወረደውም ሰው አብረው ይኖሩባታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ወደ ባሮ ይውረድ። በረጅሙ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃውን ይመልከት። መርከቦቹ የሚመጡት ከምዕራብ በኩል ነበር። ከዚያ ወደ ገበያ ይሂድ። የባሮን ዓሣ ያገኛል።

ለደገኛ እንግዳ ግን ጥቂት ምክር አለን። ወባ ስላለ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊት ከሥሩ ተኙ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። በባሮ ውስጥ አዞ አለ፤ የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ አትግቡ። ከመነሣታችሁም በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ።

ለውይይት

ውድ አንባብያን፣ መሬት የምታከራዩ፣ ቡናችሁን በውል የምትሸጡ፣ ገንዘብ የምትበደሩ ብዙ ናችሁ። ከእንግዲህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ አውራ ጣታችሁን ቀለም ከመንከራችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ፊደሉ ከከበዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሚያስቸኩላችሁ ሰው ካለ ደግማችሁ አንብቡት። ሦስቱን ጥያቄዎች ፈልጉ፦ ስንት? ለምን? እስከ መቼ? አንዱ ከጎደለ «ይጻፍልን» በሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ በእነዚህ ላይ ተወያዩ፦

1. ቡናው ጋምቤላ ከደረሰ በኋላ ክረምትን የሚጠብቀው ለምን ነበር?

2. የ1894 ዓ.ም. ውል የኪራዩን መጨረሻ እንዴት ወሰነ?

3. በእጃችሁ ያለ የኪራይ ወይም የሽያጭ ወረቀት ካለ አምጡና አብራችሁ አንብቡ። «እስከ መቼ?» የሚለው መልስ የቱ መስመር ላይ ነው?

መልካም ንባብ!