ገበሬውን ማን ይጦረዋል?

በሬ ጠምዶ የኖረ ገበሬ ጉልበቱ ሲደክም ጧሪው ልጁ ነው፤ ልጁ ከተማ ከገባስ? አገሮች ለዚህ የሰጡት መልስ ይለያያል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራተኛውን ጡረታ በግል ቁጠባ ላይ አቆመች፤ ይሁን እንጂ ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው ብዙዎች ያለ ጡረታ ስለቀሩ በ2008 ከመንግሥት በጀት የሚከፈል ጡረታ ጨመረች። ብራዚል ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ሕገ መንግሥቷ መሠረት አነስተኛ ገበሬዎች፣ ወንዱ በ60 ሴቷ በ55 ዓመት፣ በእርሻ ሥራ መኖራቸውን አስመስክረው ዝቅተኛውን የደመወዝ መጠን እንዲያገኙ አደረገች። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ቢያቅፍም፣ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሆኖ ከወር ደመወዝ ስለሚታሰብ ለገበሬው አልደረሰም። ስለሆነም ማሻሻያ ሲታሰብ መነሻው የወር ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የመኸር ገቢና የእርሻ ዘመንም ሊሆን ይገባል።