የከዋክብቱ መዝገብ ክፍት ነው፤ የጎጃም ትምህርት ቤቶችም ይግቡበት

ስለ ከዋክብትና ስለ ጋላክሲዎች መመራመር ለረጅም ዘመን የባለ ትልቅ ቴሌስኮፕ አገሮች ሥራ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ተለውጧል። ሚያዝያ 16 ቀን 1982 ዓ.ም. የመጠቀው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሀብል፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. የተከተለውና ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ በ6.5 ሜትር መስታወት የሚመለከተው ጄምስ ዌብ፣ እንዲሁም የአውሮፓው ጋያ የሰበሰቡት መረጃ ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ይቀመጣል። በሀብልና በዌብ ምልከታውን ያቀደው ቡድን ቅድሚያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መረጃውን የፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ ይወስደዋል። ጋያ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ያወጣው መዝገብ ብቻ የ1.8 ቢሊዮን ገደማ ከዋክብትን ቦታና የብርሃን መጠን ይዟል። ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የወጣበት የዌብ ምስል ለፓሪሱ ተመራማሪም ለቡሬው ተማሪም እኩል የተፈቀደ ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት መረጃውን የማግኘትና የማንበብ ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ ደግሞ የሚሠራው በትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ጋዜጣችን የምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች፣ የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ይህን መዝገብ የሒሳብና የሳይንስ ማስተማሪያ እንዲያደርጉት ይጠይቃል።

ሐሳቡ ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ አገራችን ራሷ ማስረጃ አላት። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይሁንና የክረምቱ ደመናና የአዲስ አበባ መብራት ምልከታውን ይገድቡታል። በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ደመናው እስኪገለጥ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በውጭ ቴሌስኮፖች የተገኘ መረጃን እየተነተኑ ስለ ጋላክሲዎች የዶክትሬት ጥናት የሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነዚህም መካከል ብርሃኑ ከ4 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ተጉዞ የደረሰንን የአንድ ጋላክሲዎች ክምችት አባላት በሀብል ምስሎች ላይ በቅርጻቸው የለየ ሥራ ይገኛል። ሥራቸውን በመምራት የታወቁት ዶክተር ሚርያና ፖቪች በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የሳይንስ ሽልማት አግኝተዋል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ መስታወቱ የሌላ ሆኖ ሳለ ግኝቱ የኛ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የተመለከተውን ይዞ በራስ ልቡና ማስላት ለጎጃም እንግዳ ነገርም አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጨረቃና ፀሐይ በየ19 ዓመቱ የሚገጥሙበትን ዑደት ይዘው አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉትን ቁጥሮች ያወጣሉ፤ የሁለቱ ድምር 30 መሆኑን እያመሳከሩም የጾምና የበዓል ቀናትን ለዘመናት ሲያስታውቁ ኖረዋል። የስሌቱ መሠረት ከእስክንድርያ የመጣ ነው፤ አቡሻክርም በግብፃዊ ሊቅ በዐረብኛ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። አባቶቻችን የሌላውን ቆጠራ ተቀብለው፣ መርምረውና አስተምረው የራሳቸው ሀብት አደረጉት እንጂ ከውጭ መጣ ብለው አልገፉትም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የላይኛውን ከባቢ አየር ለሚያጠናው ላቦራቶሪው የጎጃሙን የቅኔ ቤት የዋሸራን ስም መስጠቱም የቅኔው ቤትና የራዳሩ ክፍል የአንድ ትውልድ ሀብት መሆናቸውን የሚያሳይ ነው።

በክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ለየአገሩ የስያሜ ዕድል ሲሰጥ ከኢትዮጵያ በቀረበው ሐሳብ መሠረት አንዲት ኮከብ ቡና፣ በዙሪያዋ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተብለዋል። ምድር ፀሐይን ስትዞር ቡና ከሩቅ ከዋክብት አንጻር እጅግ በጥቂቱ የተንቀሳቀሰች ትመስላለች፤ ጋያ ይህችን ጥቂት ማዕዘን ለክቶ መዝግቧታል። አንድን ለዚያች ቁጥር ማካፈል ርቀቷን ይሰጣል። ውጤቱም 60 ፓርሴክ፣ ማለትም ወደ 196 የብርሃን ዓመት ነው። ይህን የሠራ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማካፈልን፣ ማዕዘንንና የመለኪያ አሐድን በአንድ ጊዜ ተምሯል፤ ዛሬ የምናየው የቡና ብርሃን የተነሣው በዘመነ መሳፍንት መሆኑንም ያውቃል። የጥቂት መቶ ከዋክብትን ቀለምና ድምቀት በግራፍ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ደግሞ ከዋክብት እንዴት እንደሚያረጁ በራሱ እጅ ያያል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ በነበሩበት አገር፣ ተማሪ ቀመርን ከመሸምደድ ወጥቶ በእውነተኛ ቁጥር የሚያስብበት መንገድ ሁሉ ሊፈለግ ይገባል።

ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ጦርነት ሕይወት ጠፍቷል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በዚህ መካከል ስለ ጋላክሲ ማውራት ለችግሩ ጀርባ መስጠት ይመስላል የሚለውን ወቀሳ በአክብሮት እንቀበለዋለን። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት ምንም ዓይነት ትምህርት አይሰጥም። ነገር ግን ዓመታት የባከኑበት ወጣት ወደ ክፍል ሲመለስ የሚጠብቀው ያው የተቀደደ መጽሐፍና ያው ሽምደዳ ብቻ ከሆነ ብዙ አይቆይም። ከመዝገቡ መማር ደግሞ ከዳቦና ከመድኃኒት በጀት የሚቀንሰው የለም፤ አዲስ ቴሌስኮፕም አዲስ ሕንፃም አልጠየቅንም።

ጥቅሙስ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄም መልስ አለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የተሠራችው እርሻን፣ ደንንና ውኃን ለመከታተል ነበር። የጋላክሲን ምስል ከብዥታው ለይቶ የሚያነብ ባለሙያና የጃቢ ጠህናንን የበቆሎ ማሳ ከሳተላይት ምስል የሚለይ ባለሙያ የሚማሩት ሙያ በአብዛኛው አንድ ነው። ለሀብል ሲባል የተሻሻለ የምስል መቀበያ ለጡት ካንሰር ምርመራ ውሏል፤ ዋይፋይን ካፋጠኑት ዘዴዎች አንዱም በአውስትራሊያ ከሬዲዮ ሥነ ፈለክ ልምድ የመነጨ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው የሚኖርበትን ዓለም ማወቁ በራሱ ዋጋ አለው። ይህን ዋጋ ለሀብታም አገር ልጅ ሰጥተን ለገበሬ ልጅ የምንነፍግበት ምክንያት የለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የኢንተርኔት፣ የመብራትና የመምህር ነው። በክልላችን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይዘነጋውም፤ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ከቀድሞም አልደረሰም። ሆኖም ለማስተማር የሚበቃው የመዝገቡ ክፍል ትንሽ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ቢያሰራጨው፣ ቡሬ ካምፓስም ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ማከፋፈያ ቢሆን፣ ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ሠንጠረዡን በወረቀት አትሞ ሊሠራበት ይችላል። መምህራንን በተመለከተ የሆላንዷን መምህርት ሐኒ ቫን አርከልን እናስታውሳለን፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተከፈቱ የጋላክሲ ምስሎችን ስትመለከት ባለሙያዎች ያላስተዋሉትን እንግዳ የጋዝ ደመና አገኘች፣ ኋላም ሀብል ራሱ ወደዚያ ዞሮ አነሣው። የሥነ ፈለክ ዲግሪ አልነበራትም። የኛ መምህራንም የሚያስፈልጋቸው አጭር ሥልጠናና በአማርኛ የተዘጋጀ መመሪያ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ከወለጋ ተነሥቶ ጎጃምን አቋርጦ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ሕዝቡ ምን ያህል ጉጉት እንደነበረው ታይቷል፤ በወቅቱ ግን ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ስለነበር ጉጉቱን ወደ ትምህርት የሚለውጥ አልተገኘም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ የየድርሻቸውን እንዲወስዱ እንጠይቃለን። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት መመሪያውን ያዘጋጅ፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይመድብ፤ የፍኖተ ሰላሙ ኮሌጅ የሳይንስና የሒሳብ ዕጩ መምህራንን ያሠልጥን። መሣሪያ የያዙ ወገኖች ሁሉ ትምህርት ቤትን ከጦር ሜዳ ውጭ ያድርጉት፤ ኢንተርኔትንም የሚቆጣጠር አካል ዳግም አይዝጋው። መዝገቡ ክፍት ነው፣ ተማሪውም አለን፤ ሁለቱን ሳናገናኝ የምናሳልፈው እያንዳንዱ ዓመት የራሳችን ኃላፊነት ነው።