ይቅር የማይለው ፖርሽ

የፖርሽ ካሬራ ጂቲ ስም በተነሳ ቁጥር ተከራካሪው ሁለት ጎራ ይሆናል። አንደኛው «ይህ መኪና ገዳይ ነው፤ ፖል ዎከርን የበላው እሱ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «መኪናው ምን አደረገ? ጥፋቱ የነጂው ነው! ካሬራ ጂቲ እኮ ኮምፒውተር ያልበረዘው የመጨረሻው እውነተኛ መኪና ነው» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይሟገታል። የመጀመሪያውን ጎራ መመለስ ቀላል ነው፤ መኪና በራሱ ተነስቶ ሰው አይገድልም። የዛሬው ሙግቴ በዋናነት ከሁለተኛው ጋር ነው። ይህኛው ብዙ ወጣት ተከታይ አለው፤ የተማረና የሠለጠነ ክርክርም ይመስላል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ካሬራ ጂቲ ድንቅ ማሽን ነው። ነገር ግን አድናቂዎቹ «ንጽሕና» እያሉ የሚያወድሱት ነገርና ሰው የሚያስከፍለው ጉድለቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ስህተትን ይቅር የማይል መኪና በውድድር ሜዳ ላይ ፈተና ነው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ግን ጉድለት ነው። ጉድለትን ደግሞ ጉድለት ማለት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመጀመሪያ ለመኪናው የሚገባውን እንስጠው።

የካሬራ ጂቲ ሞተር ለጎዳና ታስቦ የተጀመረ አይደለም። ፖርሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባለ10 ሲሊንደር ሞተር ያዘጋጅ ነበር። ፕሮጀክቱ ለውድድር ሳይበቃ ተሰረዘ። ኩባንያው ያን ሁሉ ልፋት መና ከማስቀረት ሞተሩን አሳድጎ ለጎዳና መኪና አዋለው። ናሙናው በ2000 ፓሪስ ላይ ታየ፤ ከዚያም እስከ 2006 ድረስ በላይፕዚግ ፋብሪካ 1,270 መኪኖች ተሠሩ።

ውጤቱ የሚደነቅ ነው። 5.7 ሊትር ሞተር፣ 612 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ እስከ 8,400 ዙር። አካሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ስለሆነ ክብደቱ 1,380 ኪሎ ብቻ ነው፤ በየመንገዳችን ከምናየው ባለሁለት ጋቢና ፒካፕ በብዙ መቶ ኪሎ ይቀላል። ከቆመበት ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 3.9 ሰከንድ ይበቃዋል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱ 330 ነው። የፍሬን ዲስኮቹ ሴራሚክ ናቸው፤ በተደጋጋሚ ቢያዙም በሙቀት አይደክሙም። ፍሪሲዮኑም ሴራሚክ ሲሆን ስፋቱ 169 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሻይ ሰሃን ብዙም አይበልጥም። ፍሪሲዮኑ እንዲህ ያነሰው ሞተሩ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥና መኪናው በኩርባ ላይ እንዳያጋድል ነው። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ባለስድስት ነው። ድምፁን የሰማ አይረሳውም ይባላል፤ አልከራከርም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ካለ፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ያስታውስ። ገደሉም እዚያው ሳሩ ሥር ነው።

ካሬራ ጂቲ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ የለውም። ይህ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። መኪናው መሪው ወዴት እንደዞረና አካሉ በእውነት ወዴት እየሄደ እንደሆነ በየቅጽበቱ ያነጻጽራል። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ማለትም መኪናው መንሸራተት ከጀመረ፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ሰው አራት ጎማዎችን ለየብቻቸው ፍሬን ሊይዝ አይችልም፤ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም አይችልም፤ ያለው ፔዳል አንድ ነውና።

ይህ ቴክኖሎጂ ያኔ አዲስ አልነበረም። መርሴዲስ ከ1995 ጀምሮ በመኪኖቹ ላይ አስገብቶት ነበር። ካሬራ ጂቲ ለገበያ በቀረበበት ዘመን የመርሴዲሱ ኤስኤልአር ማክላረን ነበረው። ይባስ ብሎ የዚያው የፖርሽ የቤተሰብ መኪና ካየን ሳይቀር ነበረው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለሚያደርስ አባት አስፈላጊ ነው የተባለው ነገር 612 የፈረስ ጉልበት ለያዘ ሰው አያስፈልግም ተባለ። ካሬራ ጂቲ ጎማ እንዳይሽከረከር የሚከላከልና ፍሬን እንዳይነክስ የሚያደርግ ሥርዓት አለው፤ የጎን መንሸራተትን የሚመልስ ግን የለውም። ይህ የአቅም ማነስ ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ምርጫ ነው።

ምርጫውን የሚያከብደው የመኪናው አሠራር ነው። ሞተሩ ከነጂው ጀርባ መሐል ላይ ስለተቀመጠ ክብደቱ ሁሉ መሐል ተሰብስቧል። እንዲህ ያለ መኪና በቀላሉ ይታጠፋል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ በዚያው ቅለት ይሽከረከራል፤ ጉዳቱም ይህ ነው። እጅ መሪውን እስኪመልስ አይጠብቅም። ያስታጠፈውና ያሽከረከረው አንድ ባሕርይ ነው፤ አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም. (ኖቬምበር 30 ቀን 2013) በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላሪታ ከተማ የ40 ዓመቱ ተዋናይ ፖል ዎከር በአንድ የ2005 ሥሪት ካሬራ ጂቲ ውስጥ ነበር። የሚነዳው እሱ ሳይሆን ወዳጁና የሥራ ሸሪኩ ነበር። ሁለቱም ሞቱ። ዕለቱ በፊሊፒንስ በአውሎ ነፋስ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ የተሰበሰበበት ቀን ነበር።

መርማሪዎቹ በ2014 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነው። መኪናው ከ129 እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበር ነበር፤ የመንገዱ ገደብ 72 ነበር። አልኮልም አደንዛዥ ዕጽም አልተገኘም። የሜካኒክ ብልሽትም አልተገኘም። ጎማዎቹ ግን ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥፋተኛ ፍጥነቱ ነው። በዚህ ላይ አንከራከር። በ72 መንገድ ላይ 150 መብረር በየትኛውም መኪና፣ በየትኛውም እጅ ጥፋት ነው። ፍርድ ቤትም በ2016 የነጂው ባለቤት በኩባንያው ላይ ያቀረበችውን ክስ ለኩባንያው ወስኗል። የዎከር ልጅ ያቀረበችው ክስ ደግሞ በ2017 በስምምነት አለቀ፤ የስምምነቱ ይዘት አልተገለጸም። በፍርድ ቤት ደረጃ ኩባንያው ጥፋተኛ አልተባለም፤ እኔም አልለውም።

ታዲያ ክርክሩ እዚህ አለቀ? አላለቀም። «ነጂው ነው» የሚሉን ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ። ያ ነጂ ጀማሪ አልነበረም። በመኪና ውድድር የተሳተፈ፣ ፈጣን መኪናዎችን በመሸጥና በማደስ ሥራ የተሰማራ ሰው ነበር። «ለሚችለው ሰው የተሠራ መኪና ነው» የሚባል ከሆነ፣ ይችላል ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ካልቻለው፣ ባለፈው ሳምንት ኩባንያውን ሸጦ ዛሬ ቁልፍ የሚረከበው ባለሀብት እንዴት ይችለዋል? መኪናው አዲስ ሳለ በአሜሪካ 440,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይጠየቅበታል። ሻጭ የሚጠይቀው ገንዘብ እንጂ የችሎታ ማረጋገጫ አይደለም። ገንዘብ ፍጥነት ይገዛል፤ እጅ አይገዛም።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። የመኪናው ጠበቆች ይህን ተረት ቢጠቅሱ አይገርመኝም፤ መኪናው አደረሰ፣ የቀረው የሰውየው ነው ሊሉ። ግን እነዚያው አባቶች ጋላቢውን የሚጥለውን ፈረስ «ንጹሕ ፈረስ» ብለው አላሞገሱትም። ወይ ገሩት፣ ወይ ሰው ከሚበዛበት አራቁት።

«የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ቢኖረውስ በዚያ ፍጥነት ምን ያድን ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያ ቀን ያድናቸው ነበር ብዬ አልምልም። ኮምፒውተር የጎማን አቅም አይጨምርም፤ ያለውን ብቻ ያብቃቃል። ነገር ግን ሕግና ፖሊሲ የሚወጣው ለአንድ ቀን አይደለም። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ባደረገው ጥናት ይህ ሥርዓት አንድ መኪና ብቻውን የሚደርስበትን ገዳይ አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ አሜሪካ ከ2012 ሥሪት ጀምሮ በሁሉም ቀላል መኪኖች ላይ ግዴታ አደረገችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2014 ተከተለ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ፖርሽ ራሱ ነው። በ2013 የወጣውና የካሬራ ጂቲ ተተኪ የሆነው 918 ስፓይደር የመረጋጋት መቆጣጠሪያ አለው። ጉልበቱ ከቀዳሚው በብዙ ይበልጣል፤ ፈጣሪው ግን «ንጽሕናውን» አልደገመውም።

ጎማውንም ተመልከቱ። በ2004 ካሬራ ጂቲ የጀርመኑን የኑርቡርግሪንግ ሜዳ በ7 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ዞረው። በ2024 ሚሼሊን ለዚሁ መኪና አዲስ ጎማ ሠራለት፤ ያው መኪና፣ በያው ሞተር፣ ሰዓቱን ከ15 ሰከንድ በላይ አሻሻለ። ሃያ ዓመት ሙሉ «መኪናው ከባድ ነው፣ ወንድ ይፈልጋል» ሲባል የኖረው የችግሩ አንድ ትልቅ ክፍል ጎማ ነበር ማለት ነው። ጀግንነት ተብሎ የተዘፈነለት ነገር አዲስ ላስቲክ ሲገጠምለት ቀነሰ።

«ይህ የሚሊየነሮች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ያገባናል። በሁለት ነገር።

አንደኛው፣ ፍጥነት ረክሷል። በ2004 ካሬራ ጂቲን የሚያስገርም ያደረገው 3.9 ሰከንድ ዛሬ በአራት በር የቤተሰብ ኤሌክትሪክ መኪና ይበለጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ገና ከመነሻው ይሰጣል፤ ዙር እስኪሰበስብ አይጠብቅም። ኢትዮጵያም በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች፤ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወጣቶቻችንም እነዚህኑ ይነዳሉ። እነዚህ መኪኖች መቆጣጠሪያው አላቸው፤ እሰየው። አንዳንዱ ወጣት ግን ቪዲዮ ለመቅረጽ ሲል የመጀመሪያ ሥራው ይህንኑ ማጥፋት ነው። ለዚህ ድፍረት የሰጠው «እውነተኛ ነጂ ኮምፒውተር አያስፈልገውም» የሚለው ስብከት ነው። ስብከቱ ከካሬራ ጂቲ አድናቂዎች ተነስቶ እዚህ ደርሷል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ መንገድ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ጥርሱ ገና ሙሉ ስለሆነ ብቻ «አዲስ ነው» እየተባለ የሚሸጥ የቆየ ጎማ አለ። ጎኑን ተመልከቱ፤ በአራት አሃዝ የሚያበቃ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 2318 ካለ በ2018 ዓመት 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ጎማ በሚሊየነር መኪና ሥርም፣ በቪትዝ ሥርም ያው ዘጠኝ ዓመት የቆየ ጎማ ነው።

ድምዳሜዬ ይህ ነው። ካሬራ ጂቲን የሠሩት መሐንዲሶች ሊደነቁ ይገባል፤ ሞተሩ፣ ቅለቱና ፍሬኑ ለዘመኑ ከፍተኛ ደረጃ ነበሩ። የመኪናው ጉድለት ግን የጥበብ ማነስ ሳይሆን የአመለካከት ስህተት ነው፤ ሰው አይሳሳትም ብሎ ማሰብ፣ ወይም የተሳሳተ ሰው የሚገባውን ያገኛል ብሎ ማሰብ። ሰው ይሳሳታል። ጎኑ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ሳይሳሳትም ይሞታል። ፖል ዎከር መሪውን አልያዘም ነበር።

የአንድን መኪና ጥሩነት ስትመዝኑ ጥሩ ነጂ በጥሩ ቀን ምን እንዳደረገበት ብቻ አትጠይቁ። መካከለኛ ነጂ በመጥፎ ቀን ሲሳሳት መኪናው ምን እንደሚያደርግለትም ጠይቁ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው መኪና ሙዚየም ውስጥ ያምራል፤ በውድድር ሜዳ ላይም ያምራል። ልጆች መንገድ በሚያቋርጡበት ጎዳና ላይ ግን የሚያምር ነገር የለውም።