የሙዚቃ ሥነ ልቦና ሽልማቶችና የአማካሪዎች ድርሻ

የኔዘርላንድስ ሮያል የሳይንስ አካዳሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የ200 ሺህ ዶላር የሄኒከን ሽልማቱን (ስያሜው ከቢራ ጠማቂው ቤተሰብ የመጣ ነው) ለካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለፕሮፌሰር ሮበርት ዛቶሬ ማበርከቱ ይታወሳል። ሽልማቱ የሰው አንጎል ሙዚቃን እንዴት እንደሚያዳምጥና ለምን እንደሚደሰትበት ላካሄዱት ጥናት የተሰጠ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከዶክትሬታቸው በኋላ በሞንትሪያል የሠሩት በማስታወስ ጥናት ስመ ጥር ከሆኑት ከብሬንዳ ሚልነር ዘንድ ነበር። ሚልነርም በ2014 የካቭሊ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ ሆኖም የተሸለሙት ለራሳቸው ግኝት እንጂ ላፈሯቸው ተመራማሪዎች አልነበረም።

የሙዚቃ ሥነ ልቦና በሙዚቃ፣ በሥነ ልቦናና በነርቭ ሳይንስ ክፍሎች ተበታትኖ የሚሠራበት መስክ በመሆኑ ጀማሪው ተመራማሪ ከሌሎች መስኮች ይበልጥ በአማካሪው ላይ ይመረኮዛል። የታተመ ጽሑፍ በቀላሉ ይቆጠራል፤ የተማሪን ረቂቅ በማረም ያለፈው ጊዜ ግን በግምገማ ቅጽ ላይ እምብዛም አይሰፍርም። የሽልማት ኮሚቴዎች የዕጩዎችን የኅትመት ዝርዝር ሲጠይቁ ያሠለጠኗቸውን ሰዎች ዝርዝርም አብረው ሊጠይቁ ይገባል።