መርሴዲሷ ማሪዮ ካርት ውስጥ ምን ትሠራለች?

ርዕሱን አይታችሁ «የሚጻፍ ጠፍቶ ነው ስለ ጌም የሚጻፈው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግድ የለም። በዚህች መጽሔታችን ስለ ካፌው ሽሮ፣ ስለ ዶርም ውሃና ስለ ፍቅር ብዙ ተብሏል፤ አንድ ጽሑፍ ለጌም ቢሰጥ ዲፓርትመንቱ አይፈርስም። ደግሞ ቀስ ብዬ ወደ እኛው ሙያ አመጣዋለሁ፣ እስከዚያው ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለእረፍት ሲመጣ ኒንቴንዶ ስዊች ይዞ መጣ። እኛ ሰፈር ጌም ማለት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ፕሌይስቴሽን ማለት ደግሞ ኳስ ነው። በጨዋታ እየከፈልን፣ አንዱ አርሰናል አንዱ ማንቼ ሆኖ እየተሰዳደብን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሪዛሙ ማሪዮ ሚጢጢ መኪና ውስጥ ተወሽቆ፣ ከኋላው የሙዝ ልጣጭ እየጣለ ሲከንፍ ሳይ «ይሄ የሕፃን ነው» ብዬ ናቅኩት። በማግስቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ መጥታ ነው ያጠፋችብን።

ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መሸነፍ አይችልም፤ ሲሸነፍ ያለቅሳል፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በዚህ ጌም ከመሮጥህ በፊት ሾፌርና መኪና ትመርጣለህ። ድመት የምትመስል መኪና አለች። ጎማ የተገጠመላት መርከብ አለች። ልጁ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲት እውነተኛ መኪና የምትመስል ላይ ችክ አለ። ጂ.ኤል.ኤ. ትባላለች። ፊቷ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ባለ ሦስት ጫፍ ኮከብ አለ።

ከሳምንት በኋላ በታክሲ ወደ መገናኛ ስንሄድ መብራት ላይ አንዲት መርሴዲስ አጠገባችን ቆመች። ወንድሜ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ «ያውልህ! የማሪዮ መኪና!» ብሎ ጮኸ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ «ማሪዮ ደግሞ ማነው? ባለሀብት ነው?» አለ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ በሱ ዕድሜ መርሴዲስ ማለት የሙሽራ መኪና ነበር። ለሱ የማሪዮ ናት። ይህን ማን አስተማረው? እኔ አይደለሁም። ትምህርት ቤትም አይደለም።

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የመጀመሪያው «ሱፐር ማሪዮ ካርት» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ ምርጫው ሾፌር ብቻ ነበር፤ ስምንት ሾፌሮች፣ መኪናቸው ግን አንድ ዓይነት ቅርፅ። ልዩነቱ ያለው በሰውየው ላይ ነው። ባውዘር የሚባለው ቀንዳም አውሬ ከባድ ስለሆነ ሲነሣ ያዘግማል፤ አንዴ ከሄደ ግን አይያዝም። እንጉዳይ የመሰለው ቶድ ደግሞ ቀላል ነው፣ ኩርባው ላይ እንደልቡ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 «ደብል ዳሽ» ሲመጣ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ መኪና መጫን ጀመሩ፤ መኪናዎቹም የየራሳቸው መልክ ያዙ። ልዕልት ፒች የልብ ቅርፅ ያላት ሠረገላ አገኘች፣ ለሕፃኑ ማሪዮ ጋሪ ተሠራለት፣ ለጦጣው በርሜል። እዚህ ላይ ነው ጌሙን የወደድኩት። መኪናውን አይተህ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። መኪናው ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞተር ሳይክል ተጨመረ። በ2011 ደግሞ መኪናውን ከሦስት ቁራጭ ራስህ መግጠም ተጀመረ፦ አካሉን፣ ጎማውንና አየር ላይ የሚንሳፈፍበትን ክንፍ። ይሄ ነገር ከላይ ሲታይ ጌጥ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሒሳብ ነው። ፍጥነቱን ከጨመርክ አነሣሡ ይቀንሳል። ክብደቱን ከጨመርክ ሲገጩህ አትበርም፣ ግን አንዴ ከቆምክ እንደገና ለመነሣት ዕድሜህ ያልቃል። ቀያይ የኤሊ ድንጋይ ተከታትሎ በሚመታህ ጌም ውስጥ ደግሞ መቆም የዕለት እንጀራ ነው። ሰማያዊው ኤሊ የሚባለውም አለ፤ ከ«ማሪዮ ካርት 64» ጀምሮ የመጣ ነው፣ አንደኛ የወጣውን ሰው ፈልጎ ሄዶ ያነደዋል። (ስለ እሱ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይገባው ነበር። ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጡ ልጆች ምን እንደሚሰማቸው በዚህ ጌም ነው የገባኝ።)

አሁን ወደ መርሴዲሷ። «ማሪዮ ካርት 8» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ በነፃ በሚወርድ ማሻሻያ ሦስት የመርሴዲስ ቤንዝ መኪናዎች ጌሙ ውስጥ ገቡ፦ በ1930ዎቹ ስትወዳደር የነበረችው ደብሊው 25 የብር ቀስት፣ በ1950ዎቹ የተሠራችው ክፍት 300 ኤስ.ኤል. ሮድስተር እና ያኔ ገበያ ላይ አዲስ የነበረችው ጂ.ኤል.ኤ.። ጎማዋ ሳይቀር ለብቻው ተጨምሯል። ያው ዓመት ጃፓን ውስጥ በተሠራ የጂ.ኤል.ኤ. የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ማሪዮ በሰው ተመስሎ ታይቷል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2017 «ዴሉክስ» ተብሎ ለስዊች እንደገና ሲወጣ ሦስቱም አብረው መጡ። ያ እትም ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ከዚያ ሁሉ ቅጂ አንዱ ነው እኛ ቤት ሳሎን የገባው።

በሁለቱ አሮጌ መኪናዎች ብዙም አልጣላም። ማንም ሄዶ የ1930ዎቹን የውድድር መኪና አይገዛም፤ እንደ ሙዚየም ዕቃ ልትቆጥራቸው ትችላለህ። ጂ.ኤል.ኤ. ግን በዚያው ወር ሱቅ ሄደህ የምትገዛት መኪና ነበረች።

የሚገርመው፣ ለማሸነፍም ያን ያህል አትረዳም። ከከባዶቹ ወገን ናት፤ አነሣሧ ይጎትታል። ለጀማሪ ልጅ ቢዲባጊ የምትባለው ቁንጥጫ የምታክል መኪና በጣም ትሻለዋለች፤ ፍጥነቷ አነስተኛ ቢሆንም በተመታህ ቁጥር ቶሎ ትነሣለች። ይህን ለወንድሜ ስንት ጊዜ ነገርኩት! «ይቺ ግን እውነተኛ ናት» ይለኛል። ስምንተኛ እየወጣም እውነተኛ ናት። አንድ ልጅ የሚያሸንፍበትን ትቶ የሚያውቀውን አርማ መረጠ ማለት ነው። ማስታወቂያ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ሌላም ነገር አለ። የማሪዮ ካርት ጎዳናዎችን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ዳርና ዳሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተሞላ ነው። ግን ሁሉም ውሸት ነው! «ማሪዮ ሞተርስ» ይላል፣ «ሉዊጂ ጎማ» ይላል። እውነተኛውን የመኪና ውድድር፣ ያንን ከራስ ቁር እስከ ጫማ በአርማ የተለጣጠፈ ዓለም፣ እያሾፉበት ነው። ስመለከተው ያሳቀኝ አንዱ ነገር ይሄ ነበር። ታዲያ በውሸት ማስታወቂያ መሀል እውነተኛው ሲገባ ቀልዱ ምን ይሆናል? ለኔ እዚያው ሞተ። በማስታወቂያ የሚያሾፍ ሰው ኪሱ ውስጥ ማስታወቂያ ሲገኝበት እንደማለት ነው።

የዶርም ጓደኛዬ (መካኒካል ነው የሚማረው፣ ክርክር ይወዳል) ይህን ሳነብለት በሦስት ነገር ያዘኝ። አንደኛ «ነፃ ነው፣ አትምረጠዋ!» አለኝ። ለኔና ለሱ ልክ ነው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ለምን እንደመረጠ አያውቅም፤ እኔስ በትክክል አውቃለሁ ወይ? ሁለተኛ «ግራን ቱሪስሞ ከ1997 ጀምሮ በእውነተኛ መኪና የተሞላ ነው፣ እሱን ለምን አትከስም?» አለ። ይሄኛው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንድ ሌሊት አሳስቦኛል። መልሴ እንዲህ ነው፦ ግራን ቱሪስሞን የሚከፍት ሰው የሚመጣው እውነተኛ መኪና ፍለጋ ነው። የሁሉም ፋብሪካ መኪና ተደርድሯል፣ አንዱን ከሌላው ያወዳድራል። ማሪዮ ካርት ውስጥ ግን አንድ ፋብሪካ ብቻ ነው ያለው፤ ቶዮታ የለም፣ ፊያት የለም። ኤሊ በሚነዳበት አገር ብቸኛዋ እውነተኛ መኪና መርሴዲስ ናት። ልጁ ዓለምን በዚያ መስኮት ሲያይ ማንን «እውነተኛ» ብሎ እንደሚጠራ አስቡት።

ሦስተኛው ክርክሩ «ገንዘብ መከፈሉን በምን አወቅክ?» የሚል ነው። ተከፈለ አልተከፈለ ለኔ ለውጥ የለውም። ጥያቄዬ የተጫዋቹ ነው፦ የሚያየው ነገር የማን ድምፅ እንደሆነ ይነገረዋል ወይ? መኪና በሚመረጥበት ገጽ ላይ ጂ.ኤል.ኤ. ከሌሎቹ እኩል ተሰልፋ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል የለም።

ይኸውላችሁ፣ ወደ ሙያችን ደረስን። ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ ከራሳችን ፈልገን አንድ ዜና እንድናመጣ ታዘዝን። እኔ አንድ ኩባንያ አዲስ ምርት የሚያስተዋውቅበት ፕሮግራም ላይ ተገኘሁ። በር ላይ ኮፍያ፣ እስክሪብቶና በፎልደር የተዘጋጀ መግለጫ ተሰጠኝ። መግለጫው በጣም ያማረ አማርኛ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከኔ ይሻላል። ዓረፍተ ነገሮቹን ትንሽ አገላበጥኩና «አስታወቀ» እና «ገለጸ» ጨምሬ አስገባሁ። መምህሬ ሲመልሱልኝ ነጥብ አልጻፉበትም፤ ከላይ በቀይ «ይህን የጻፈው ማነው?» ብቻ ይላል። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ኮፍያውን ግን አሁንም አደርገዋለሁ፣ ለፀሐይ ጥሩ ነው።

እና መርሴዲሷን ሳያት ራሴን ነው የማየው ብል ማጋነን አይሆንም። መግለጫው የዜና ልብስ ለብሶ ወጣ፤ መኪናዋም የጨዋታ ልብስ ለብሳ ወጣች። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ በሚዲያ ሕግ ክፍል ለፈተና ሸምድደነዋል። አዋጁ ሲወጣ በአመዛኙ የታሰበው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ጋዜጣ ይመስለኛል። ልጆቹ ግን ማታ ማታ ያሉት እዚያ አይደለም። ሪሞቱን ይዘው ሳሎን ውስጥ ጌም ላይ ናቸው፣ ስልክ ላይ ናቸው። እኛ ደግሞ አራት ዓመት ተምረን የምንወጣው ጋዜጣ ላይ ያለ ማስታወቂያ በሳጥን ውስጥ ይግባ አይግባ እየተከራከርን ነው።

እኔ የምለው መርሴዲሷ ትውጣ አይደለም። ትሩጥ፣ ትገልበጥ፣ በሙዝ ልጣጭ ትንሸራተት። ለብቻዋ በሌላ ገጽ ትቀመጥና «ይህች መኪና ከፋብሪካው ጋር በመተባበር የገባች ናት» ተብሎ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍባት። አንድ መስመር ነው። ያን መስመር የጻፈ ጌም ሠሪ ምንም አይጎድልበትም፤ ያልጻፈ ጋዜጠኛ ግን ምን እንደሚጎድልበት ከመምህሬ ቀይ እስክሪብቶ ተምሬአለሁ። እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ ስለ ጌም የሚጽፍ፣ ጌምን እንደ ሚዲያ የሚመረምር የመመረቂያ ጽሑፍ ቢኖርም ደስ ይለኛል። ርዕስ ለጠፋባችሁ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በነፃ ሰጥቻችኋለሁ።

የአክስቴ ልጅ በጳጉሜን መጨረሻ ስዊቹን ይዞ ተመለሰ። ወንድሜ ሦስት ቀን አኩርፎ፣ በአራተኛው የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ የራሱን መኪናዎች መሣል ጀመረ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ስሄድ አሳየኝ። አንዷ አካሏ መሶብ ነው፣ ክዳኑ ሲነሣ ሾፌሩ ይገባል። ጎማዎቿ አራት ምጣድ ናቸው። ከኋላዋ በርበሬ ትበትናለች፣ የሚከተላት ሁሉ እያስነጠሰ ከመንገድ ይወጣል። በጣም ሳቅኩ፣ አቅፌ ሳምኩት። ከዚያ ደብተሩን ጠጋ አድርጌ አየሁት። መሶቡ ፊት ለፊት፣ በእስክሪብቶ ተደጋግሞ ደምቆ፣ ባለ ሦስት ጫፉ ኮከብ ተሥሏል።