ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ!

ስፖርት ወዳዶች ይቅርታ ይደረግልኝና ዛሬ ከኳስ ሜዳ ትንሽ ወጣ ልል ነው። ብዙ አልርቅም። ያለ የሌለ ገንዘቡን አጥቂ ላይ አፍስሶ በየሳምንቱ ሦስትና አራት ጎል የሚቆጠርበት ክለብ ታውቁ የለ? ዛሬ የማወራው መኪናውን እንደዚያ ክለብ ስለሚሠራ ሰው ነው።

አንድ የማውቀው የቴፒ ልጅ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) የተሠራች ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ አለችው። ቆንጆ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። «ጋሼ፣ ሞተሯን አውጥቼ ቱርቦ ያለው ላስገባላት ነው፣ ምን ይላሉ?» አለኝ። ሐሳቡ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእሱ ብቻ መልሼ ዝም እል ነበር። ግን ዘመኑ ራሱ ወደዚህ ይገፋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ቤንዚን ለሚወድ ሰው መኪና ማለት እዚሁ አገር ውስጥ ያለው ነው። ያንን ማደስ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሞተር ማፈላለግ፣ ሌላ ምርጫ የለም። በዚያ ላይ በየካቲት 2017 ዓ.ም የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከሚዛን፣ ከአማን፣ ከቴፒ ቡና ያለው ቤተሰብ ልጅ እጁ ላይ ትንሽ ሳንቲም ሲገባ ስለ ፍጥነት ቢያልም ማን ይፈርድበታል?

ቱርቦ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ እንዲያውም ከአውሮፓ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሞተር በነዳጅ ብቻ አይሠራም፣ አየርም ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። ወደብ ላይ መቶ ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እንጦጦ ሥር ሲደርስ አንድ አምስተኛውን ያህል መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ቡድን አዲስ አበባ ስታዲየም በ70ኛው ደቂቃ ላይ ምላሱን ሲያወጣ አይታችሁ የለ? ያው ነው። ቱርቦ ግን በማርሚታው ሊወጣ የነበረውን ትኩስ ጭስ ተጠቅሞ ፋን ያሽከረክርና አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ከፍታው የቀማውን ያስመልሳል፣ ከዚያም ይጨምራል። ስለዚህ ልጁን «ተው» አላልኩትም።

«ፍሬንህስ?» ነው ያልኩት።

ከአዲስ አበባ ቴፒ ለመድረስ ወልቂጤን አልፎ የጊቤ በረሃን መውረድ፣ ከዚያ ወደ ጅማ መውጣት፣ ቦንጋን ማለፍ፣ ሚዛን ደርሶ ወደ ቴፒ መታጠፍ ነው። ቴፒ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሒሳቡን ሥሩት፤ መንገዱ የወጣውን ያህል፣ ከዚያም በላይ ይወርዳል። ቱርቦ ዳገት ያወጣል፣ ቁልቁለት ላይ ግን አንዳች አይረዳም። አንድ የፊዚክስ ነገር ደግሞ አለ፣ ከትምህርት ቤት የምታስታውሱት፤ ፍጥነት ከ80 ወደ 120 ሲያድግ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በአንድ ተኩል እጥፍ ሳይሆን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው የሚያድገው። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ፍሬን፣ ኋላው ላይ ከበሮ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ። ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ያውም ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሹፌር ከሆነ ነገሩ ለቅሶ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ደግሞ ስለ ቱርቦ የጠየቃቸው የለም።

ይኼን የምለው ፈሪ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ፖርሽ እንኳ ተምሮበታል! በ1975 (እ.ኤ.አ) 911 ቱርቦን ሲያወጣ 260 ፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1978 ጉልበቱን ወደ 300 ሲያሳድግ ግን ሞተሩ ላይ ብቻ አልቆመም፤ 917 ከተባለው የውድድር መኪናው የተወሰደ ፍሬን ገጠመለት። መሐንዲስ በሽ በሽ የሆነበት ፋብሪካ እንዲህ ካደረገ፣ የእኛ ልጅ በአንድ መካኒክና በአንድ ክሪክ ምን ቤት ነው?

ሞተሩን ማስገባቱም ቢሆን እንደ ቡና ማፍላት ቀላል አይደለም። ቶዮታ በ1980ዎቹ ሴሊካ ጂቲ ፎር ላይ የገጠመው ስሪ ኤስ ጂቲኢ የሚባለው ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ከ180 ፈረስ ጉልበት በላይ አለው። ስሙ ሴሊካ ስለሆነ ከአሮጌዋ ሴሊካ ጋር ዘመድ ይመስላል። ችግሩ በራሱ መኪና ውስጥ የተቀመጠው በአግድም ነው፤ የድሮዋ ሴሊካ ሞተር ደግሞ በቁመት ነው የሚተኛው፣ የሚገፋውም የኋላ ጎማ ነው። ስለዚህ መያዣው፣ የዘይት ቋቱ፣ ካምቢዮው፣ ሽቦው ሁሉ አዲስ ሥራ ነው። ቱርቦ ሲጨመር ሙቀቱም ይጨምራል፣ የጥንቱ ራዲያተር አይችለውም። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተቀዳ፣ ስንት እጅ እንደነካው የማይታወቅ ቤንዚን ከጨመራችሁበት ደግሞ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ሲያንኳኳ ፒስቶን ይበሳል። አስተካክሎ የሚያስገባ ባለሙያ የለም አልልም፣ አለ። ግን ዋጋውን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍላችሁ።

የሞተር ጉልበት ብቻውን ዋንጫ አያመጣም የሚለውን ማየት የፈለገ የጎረቤታችንን የሳፋሪ ራሊ ይመልከት። በፋሲካ ሰሞን በዝናብ የሚካሄድ ውድድር ስለነበር ጭቃው ለቴፒ ሰው እንግዳ አይደለም። ዳትሰን 240 ዜድ፣ ያቺ ረጅም አፍንጫ ያላት ውብ የስፖርት መኪና፣ በ1971 እና በ1973 ያለ ምንም ቱርቦ አሸንፋለች። ሼካር ሜህታ ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍም ዳትሰኑ ቱርቦ አልነበረውም። በ1983 ባለ ቱርቦው አውዲ ኳትሮ መጣ፣ ሁሉም ፈራው፤ ያሸነፈው ግን ቱርቦ የሌለው ኦፔል አስኮና ነው። ቱርቦ እዚያ ያሸነፈው በ1984 ነው፣ ያውም በማን? በሴሊካ! ቢዮርን ቫልደጎርድ በሴሊካ ቱርቦ አንደኛ ወጣ፣ በ1985 እና በ1986ም ዋንጫው ከቶዮታ ቤት አልወጣም። ያቺ ሴሊካ ግን አሮጌ አካል ላይ የተለጠፈ ሞተር አልነበረችም። ሙሉዋ ለዚያ ጉልበት የተሠራች ናት።

ወደ ኳሳችን ስንመለስ፣ እዚያው መንገድ ላይ ጅማን እናገኛለን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፣ ጉድ አሰኘን። የዚያ ቡድን ሞተር ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ሞተሩ ወደ ግብፅ ተሸጠ። ቡድኑ በ2014 ዓ.ም ከሊጉ ወረደ። የወረደው በኦኪኪ መሄድ ብቻ ነው አልልም፣ ሌላም ብዙ ጣጣ ነበር። የማነሣው በአንድ ሞተር የሚሮጥ ነገር ሁሉ ሞተሩ ሲወጣ ምን ይቀረዋል ለማለት ያህል ነው።

ለቴፒው ልጅ የነገርኩት ይኼንኑ ነው። መጀመሪያ ፍሬን፤ ዲስኩ፣ ካሊፐሩ፣ ጎማ ቱቦው፣ ዘይቱ። ከዚያ የመኪናው ጎማና አሞርዛተር። ከዚያ ራዲያተር። ከዚያ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል። ሞተሩ መጨረሻ ነው። ገንዘቡ እዚያ ሳይደርስ ካለቀ እሰየው፣ ያለውን ሞተር አውርዶ ያሠራ፤ በጥሩ ፍሬን ላይ የተቀመጠ የጥንት ሞተር ሚዛን ገብቶ ይወጣል። ገንዘቡ ከተረፈ ሶማሌ ተራ ይሂድ። ቱርቦውን ሳይፈታ አይግዛ፤ ፋኑን በጣቱ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይበለው፣ ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ጥሎት ይሂድ። ከገጠመው በኋላም ዳገት ጨርሶ ሲቆም ወዲያው አያጥፋው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራለት፤ ካልሆነ ዘይቱ እዚያው ቱርቦው ውስጥ ያርራል።

ሊብሬውን እንዳይረሳ። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም አለ። ሞተር ቀይሮ ሳያስመዘግብ የሚነዳ ሰው መሸጥ ሲያስብ ነው ጉዱን የሚያየው፤ ገዢው ኮፈን ከፍቶ ቁጥሩን ሲያነብ። የወጣውንም ሞተር ለቆራሌው እንዳይሰጠው። የፋብሪካ ሞተሯ አብሯት ያለ መኪና ጥንታዊ መኪና የሚሰበስብ ሰው ዘንድ ዋጋዋ ሌላ ነው። ግራሶ ይቀባው፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይድፈናቸው፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ያስቀምጠው። የቴፒ እርጥበት ብረት አይምርም።