«ሃይማኖታችን ቢነካ ነው» ስለሚሉ ሰዎች

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በተቃጠለ ቍጥር «ሃይማኖቱ ቢነካበት ነው እንጂ ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አይታጡም። ይህ ቃል ለአማኙ ያዘነ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ለአጥፊው ጠበቃ ሆኖ ይገኛል።

የእሳቱ ምክንያት ስድቡ ቢሆን ኖሮ እሳቱ ተሳዳቢውን ብቻ በፈለገ ነበር። በየካቲት 2003 ዓ.ም. በጅማ በኩል በአሰንዳቦ ቍርዓን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሥቶ ከ50 በላይ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፤ እነዚህ ጉባኤዎች ሁሉ ተሰብስበው አንድ መጽሐፍ አዋረዱን? በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ የቤተ ክርስቲያን መቃጠል ወሬ ተነዝቶ መስጊዶች ነደዱ። በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሼህ ቀብር ላይ ጠብ ተነሥቶ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ በሁለተኛው ቀን እጅግ ርቃ በምትገኘው በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ካህን ከጎንደር ቀብር ምን ነገር ነበረው?

በኤፌሶን ድሜጥሮስ የተባለው ብር ሠሪ ስለ አርጤምስ ክብር ሕዝቡን ሲያስጮህ፣ በልቡ የነበረው የገበያው መቀነስ እንደ ሆነ ከካህናት የሚሰወር አይደለም። ሁከቱን ያበረደው የከተማው ጸሓፊም ከሳሹን ወደ ዳኛ መራው። ዛሬም ከወሬው በስተኋላ የመሬት ክርክር፣ የሹመት ምኞት፣ የቆየ ቂም፣ የሹም ቸልተኝነት አለ፤ ስድብ ክብሪት ቢሆን እንኳ እንጨቱን የከመሩት እነዚህ ናቸው።

ይፋት ይህን በራሷ አይታዋለች። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአጣዬ በመስጊድ ደጃፍ ሰው ተገደለ ተብሎ የተነሣው ጠብ፣ የዘር ቂም ስለ ተጨመረበት፣ በሚያዝያ ሸዋ ሮቢትን ጭምር አዳረሰ፤ ለአንድ ነፍስ ዳኛ መቆም ሲገባው፣ ገዳዩን የማያውቁ ብዙዎች ነፍሳቸውንና ቤታቸውን አጡ።

«እንግዲያስ ማንም እንደ ወደደ ይሳደብ ትላለህን?» የሚለኝ ቢኖር፣ አይደለም እላለሁ። ለአምልኮ የተለየውን ስፍራና ዕቃ የሚያረክሰውን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 ይቀጣዋል፤ ጥላቻ ለሚሰብከውም አዋጅ ቍጥር 1185/2012 አለ። ሃይማኖትን ለሚመረምርና ለሚነቅፍ ግን መልሱ ቃልና ብዕር ነው። ነቃፊውን በእሳት ዝም ካሰኘነው ክብሪት የያዘ ሁሉ የአገሩ ሳንሱር ይሆናል፤ የእኛም ስብከት ነገ በሌላው ዘንድ ስድብ ይባላል።

ስለዚህ ካህኑም ሼሁም የከተማው ሽማግሌም የሌላውን በደል ከመቍጠር አስቀድሞ የራሱን ሕዝብ ይገሥጽ። «ተነክተን ነው» የሚለው ማመካኛ በዐውደ ምሕረትና በመስጊድ ካልተወገዘ፣ ቀጥሎ የሚነደው ቤት የማን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።